ጭቃን ያከበሩ መምህር

በዚህ ዓመት ለተማሪዎቼ «ወደ ፊት ልትሠሩት የምታስቡትን ቤት በወረቀት ላይ ንደፉ» ብዬ ነበር። ከአርባ ከሚበልጡት ልጆች መካከል የጭቃ ቤት የነደፈ አንድም አልተገኘም። ምክንያቱን ብጠይቅ አንዱ ብድግ ብሎ «መምህር፣ ጭቃ እኮ የድኃ ነው» አለኝ። እኔም ያደግሁት በጭቃ ቤት ነበርና ለጊዜው መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። መልሱን ያገኘሁት ኋላ፣ በዓይኔ ያላየኋቸውን የአንድ አዛውንት ታሪክ ሳነብ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እኚህን ሰው ላስተዋውቅህ።

ሚስተር ሎሪ ቤከር በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 2 ቀን 1917 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ተወለዱ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) ገና በወጣትነታቸው «የወዳጆች ማኅበር»፣ በተለመደው ስሙ ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ወገን ገቡ። ኩዌከሮች በዝምታ ተቀምጠው ይጸልያሉ፤ ትርፍና ጌጥ አይወዱም፤ በጦርነት መሣሪያ አንሥቶ ሰው መግደልንም ይቃወማሉ። ስለዚህ ቤከር በ1937 የሕንፃ ጥበብ ትምህርታቸውን ጨርሰው ብዙም ሳይቆዩ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ ጠመንጃ በመያዝ ፈንታ በማኅበራቸው የአምቡላንስ ጓድ ውስጥ ገብተው ወደ ቻይና ዘመቱ። በዚያም ሕመምተኞችን ሲረዱ ከሥጋ ደዌ በሽተኞች ጋር ተዋወቁ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ እስኪገኝ ድረስ በቦምቤይ ከተማ ጥቂት ወራት መቆየት ግድ ሆነባቸው። እዚያ ማሕተመ ጋንዲን አገኙ። ቤከር ከቁራጭ ጨርቅ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ጫማ ተጫምተው ነበርና ጋንዲ ይህንኑ አይተው አደነቁ ይባላል። ሲጨዋወቱም ጋንዲ ለድኃ የሚሠራ ቤት በስምንት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ከሚገኝ ነገር ቢሠራ መልካም መሆኑን ነገሯቸው። ይህ አሳብ በወጣቱ ልብ ተተከለ።

በ1945 ወደ ሕንድ ተመልሰው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለሚረዳ ሚሲዮን የሕንፃ ሥራ ያዙ። በ1948 ሐኪም የሆኑትን ኤልሳቤጥ ጄኮብን አገቡና ባልና ሚስቱ በሂማላያ ተራሮች በፒቶራጋር 16 ዓመት ያህል ኖሩ። ሚስት ሲያክሙ ባል ይገነባሉ። ነገር ግን ከኮሌጅ ይዘውት የመጡት የብረትና የኮንክሪት ዕውቀት እዚያ ተራራ ላይ ብዙም አልጠቀማቸውም። የአገሩ ሰው ግን ድንጋዩን፣ እንጨቱንና ጭቃውን ከአያቶቹ ጀምሮ ያውቀዋል። ባለዲፕሎማው ቤከር ማንበብና መጻፍ ከማይችል ግንበኛ እግር ሥር ተቀምጠው መማር ጀመሩ። እኔ ከታሪካቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

በ1963 ሚስታቸው ወደ ተወለዱበት ወደ ኬራላ ወረዱ፤ ኋላም በዋናው ከተማ በትሪቫንድረም ተቀመጡ። ኬራላ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አባቶቻችንን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያው ነው።

ቤከር በኬራላ ያስተማሩት ጥበብ ለማንም ግልጽ ነው። ጡብን በሆዱ አስተኝቶ ከመደርደር በጎኑ አቁሞ በመካከሉ ክፍተት እየተዉ መገንባት አንድ ግንብ ከሚፈጀው ጡብ ሩቡን ያህል ያድናል፤ ክፍተቱም የፀሐዩን ሐሩር ያግዳል። በመስኮትና በመስተዋት ፈንታ ጡቡን እንደ ወንፊት ቀዳዳ እያበጁለት ሲደረድሩት ነፋስና ብርሃን በነፃ ይገባል። በኮንክሪት ጣራ ውስጥ፣ ኮንክሪቱ ብዙ ሥራ በማይሠራበት በታችኛው በኩል፣ ያረጀ የክዳን ሸክላ ቢቀበር ሲሚንቶ ይተርፋል። ጡቡ መልካም ከሆነ ልስንም ቀለምም አያሻውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መሠራት የጀመረው የልማት ጥናት ማዕከል፣ እንዲሁም በትሪቫንድረም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ የሚወጣው የሕንድ ቡና ቤት ለዚህ ምስክሮች ናቸው።

የቤከር ማስተማሪያ ክፍል የግንባታው ቦታ ነበር። ወጣት አርክቴክቶች ተከትለዋቸው ይሄዳሉ፤ እርሳቸውም በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ይነድፉላቸዋል፤ ከግንበኞቹ ጋር ቆመው ይመክራሉ። ተራው ሰው እንዲረዳውም ብለው በእጃቸው የሣሏቸው አስቂኝ ሥዕሎች ያሉባቸውን ትንንሽ መጻሕፍት አሳተሙ፤ ከነዚህም አንዱ የተጻፈው ስለ ጭቃ ብቻ ነው። በ1985 የኬራላ ዋና ሚኒስትር ከነበሩት ከአቹታ ሜኖንና ከኢኮኖሚ ሊቁ ከኬ. ኤን. ራጅ ጋር ሆነው ኮስትፎርድ የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ በርካሽ የመገንባትን ጥበብ ለወጣቶች አስተላለፈ። በ1990 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጣቸው። አፕሪል 1 ቀን 2007 በዘጠና ዓመታቸው አረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገንብተው ራሳቸው የኖሩት ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ቀስ በቀስ በሠሩት፣ ብዙው ነገሩ ከወዳደቀ ዕቃ በተገኘ ቤት ነበር።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ተረክሁላቸው። ያ ልጅ አሁንም ብድግ አለና «መምህር፣ ታዲያ ክረምት ሲመጣ ዝናቡ ቢያጥበውስ?» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ስለ ክብር ሲጠይቅ የነበረው ልጅ አሁን ስለ ሥራ መጠየቅ ጀምሯልና። መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ካለና ጣራው ከግድግዳው አልፎ በሰፊው ከወጣ ጭቃ ብዙ ዘመን እንደሚኖር ነገርሁት። ትንሽ ካሰበ በኋላ «የአያቴ ቤት እንደዚህ ነው። ከአባቴ ዕድሜ ይበልጣል» አለ።

እኔም በሚቀጥለው ሳምንት የአያቱን ቤት ነድፎ፣ ጭዱ ከጭቃው ጋር ስንት ቀን እንደሚቦካ ከአያቱ ጠይቆ እንዲመጣ አዘዝሁት።