የዋልታ በረዶና የጋይንት ክረምት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላደገ ልጅ በረዶ ማለት በክረምት ከነጎድጓድ ጋር ወርዶ የገብሱን ማሳ የሚያስተኛ፣ ከዚያም ወዲያው ውሃ ሆኖ የሚቀር ነገር ነው። የጉና ደገኛ ደግሞ ውርጭን ያውቃል፤ ሌሊት በኩሬው ፊት እንደ መስተዋት የረጋው ስስ በረዶ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። ስለዚህ መምህሩ በክፍል ውስጥ ቆሞ «በሰሜን ዋልታ ባሕሩ ራሱ ይረጋል፤ ሰው በላዩ ይሄድበታል፤ መርከብም ተይዞ ይከርምበታል» ሲል፣ ተማሪው በደብተሩ ይጽፈዋል እንጂ በልቡ እምብዛም አያምነውም። ከኋላ ወንበር አንድ ደፋር ይነሣና «መምህር፣ ያ በረዶ ቢቀልጥስ ለጋይንት ምኗ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ክፍሉ ይሥቃል። ጥያቄው ግን የሚያሥቅ አይደለም።

የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም የምትገኘው በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ድጓው ዓመቱን በየዘመኑ ከፍሎ ይዞታል፤ ሰኔ 26 ቀን ዘመነ ክረምት ይገባል፤ መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል፤ በማግሥቱም ዘመነ ጽጌ ይተካል። መሪጌታው ዜማውን በዚህ ቀጠሮ እንደሚለውጥ ሁሉ፣ ገበሬውም በሬዎቹን የሚጠምደው ዝናሙ ቀጠሮውን ያከብራል ብሎ ነው። በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ ቀጠሮው ሲፈርስ ምን እንደሚከተል ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ ያዩ ሽማግሎች ዛሬም በየቀዬው አሉ። እንግዲህ ይህን ቀጠሮ ከሚያስጠብቁት ነገሮች አንዱ ያ ሩቅ የዋልታ ባሕር መሆኑን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መርከብን ለበረዶ መስጠት

ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1893 «ፍራም» የምትባለውን መርከቡን ሆን ብሎ በሰሜን ዋልታ በረዶ አስያዛት። በረዶው መርከቢቱን እንደ ታቀፈ ሦስት ዓመት ያህል ሲጓዝ ቆየና በ1896 ለቀቃት። በዚህም ጉዞ በዚያ አካባቢ ከበረዶው ሥር ያለው ጥልቅ ውቅያኖስ መሆኑ ታወቀ። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2019፣ «ፖላርሽተርን» የተባለችው የጀርመን የምርምር መርከብ ከ20 ያህል አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎችን እያፈራረቀች በዚያው ዘዴ አንድ ዓመት ያህል ከበረዶው ጋር ተንሳፈፈች። የናንሰን ዘመን ወፍራም በረዶ ግን አልጠበቃቸውም፤ ሳስቶ አገኙት።

ስፋቱም እንደዚሁ ቀንሷል። ሳተላይት ያለማቋረጥ መለካት የጀመረው በ1979 ነው። በበጋው መጨረሻ፣ በረዶው እጅግ በሚያንስበት ወር፣ በ1980ዎቹ ዓመታት 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀር ነበር፤ በ2012 ግን 3.4 ሚሊዮን ብቻ ቀረ። የጎደለው ከሦስት ኢትዮጵያ ይበልጣል። በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ያለው የባሕር በረዶም በ2023 መጀመሪያ ከ2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ወርዶ፣ በሳተላይት ከተለካው ሁሉ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዘገበ።

ጋቢውን የተገፈፈ ባሕር

በረዶው ለምን እንዲህ ይፈጥናል ቢሉ፣ በፀሐይ የቆመ ሰው ነጭ ጋቢና ጥቁር ካባ በሙቀት የተለያዩ መሆናቸውን ያውቃል። አመዳይ የለበሰ የባሕር በረዶ ከሚደርስበት ብርሃን አብዛኛውን ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ በረዶው የተገፈፈለት ጥቁር ባሕር ግን ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ይውጣል። የዋጠው ሙቀት ሌላውን በረዶ ያቀልጣል፤ የቀለጠውም ስፍራ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይውጣል። ከዚህም የተነሣ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ከ1979 ወዲህ ከመላው ዓለም አማካይ በአራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ መሞቁን በ2022 የታተመ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ጥናት አሳይቷል።

ባሕሩ የሚውጠው ሙቀትን ብቻ አይደለም። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ቀዝቅዞ ሲከፈትና ሞቆ ሲከፈት ያየ ሰው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጋዝን አጥብቆ እንደሚይዝ ተረድቷል። የዋልታ ባሕሮችም በቅዝቃዜያቸው ምክንያት ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ይቀበላሉ። ውለታው ግን ያለ ዋጋ አይደለም፤ ጋዙ የገባበት ውሃ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል፤ ከኖራ የተሠራ ቀጭን ዛጎል ያላቸው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትም ይጎዳሉ።

ይህን ሁሉ ለመለካት የሚደረገው ትጋት የሚያስደንቅ ነው። አርጎ የሚባሉ አራት ሺህ ያህል ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በየአሥር ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ጠልቀው የውሃውን ሙቀትና ጨው ለክተው ይወጡና ወሬውን በሳተላይት ይልካሉ። መሣሪያ ሊደርስበት በማይችለው በበረዶው ሥር ደግሞ፣ ተመራማሪዎች ሲል በሚባለው የባሕር እንስሳ ራስ ላይ ትንሽ መለኪያ ለጥፈው ይለቁታል፤ እንስሳው ቀለቡን ሊፈልግ ሲጠልቅ ሳያውቀው የሳይንስ ሠራተኛ ይሆናል።

ጨውና የዝናም መቀነት

ወደ ተማሪው ጥያቄ የሚያደርሰን ጨው ነው። የባሕር ውሃ ሲረጋ ጨውን አብዝቶ ይተፋዋል፤ የቀረው ውሃ ጨው በዝቶበት ይከብዳል። በሰሜን አትላንቲክም ከሐሩር አገር የመጣው ሙቅና ጨዋማ ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ በታችም ወደ ደቡብ ይመለሳል። ይህ ታላቅ ዑደት ሙቀትን ወደ ሰሜን የሚያመላልስ ነው። ይሁን እንጂ ከቀለጠ በረዶ ብዙ ጨው አልባ ውሃ ሲገባበት ላዩ ይቀላል፤ መስመጡም ይደክማል። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ በምድር ወገብ ዙሪያ እንደ መቀነት የታጠቀው የዝናም ቀበቶ ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ ኃይሉም ይቀንሳል።

ይህ ነገር ከዚህ ቀደም ደርሷል። ጀርመናዊው ሃርትሙት ሃይንሪክ በ1988 ባሳተመው ጥናት ከአትላንቲክ ወለል በወጣ ጭቃ ውስጥ ከየብስ የመጡ ጠጠሮች በንብርብር መገኘታቸውን ገለጸ። ጠጠሮቹን የጣሉት በጥንት ዘመን ከሰሜን ግግር በረዶ እየተገመሱ የተንሳፈፉ የበረዶ ተራሮች ናቸው። ከእነዚህ ዘመናት የመጨረሻው ከ17,000 እስከ 16,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ጣና ይገባሉ። በ2007 ሄንሪ ላምና ባልደረቦቹ የጣናን ወለል በድምፅ ሞገድ መርምረው፣ ከጥልቁም ስፍራ ጭቃ አውጥተው ያገኙትን አሳተሙ። ከለስላሳው ደለል ሥር ደርቆ የጠጠረ አፈር አገኙ። ከእርሱ በላይ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ሐይቁ ዛሬ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ ረግረግና ደንገል እንደ ነበረ የሚመሰክር ብስባሽ ነበር። ታንኳ ቀዛፊው የሚሠራበት ያ ደንገል በጣና መካከል በቅሎ ነበር ማለት ነው! ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህ ድርቅ አፍሪካንና እስያን ያዳረሰና ከሰሜን አትላንቲኩ የበረዶ ተራሮች ዘመን ጋር የገጠመ መሆኑን አስረዳ።

ይህን ሰምቶ መሸበር አይገባም። የአንድ ዓመት ክረምት ሲዛባ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የፓስፊክ ባሕር መሞቅ፣ ኤልኒኞ የሚባለው ነው፤ የ2015ቱ ድርቅም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነበር። የመንግሥታቱ የአየር ጠባይ ለውጥ ጉባኤም በ2021 መግለጫው የአትላንቲኩ ዑደት በዚህ ምዕተ ዓመት እንደሚዳከም፣ እስከ 2100 ግን በድንገት ይቆማል ተብሎ እንደማይጠበቅ ገልጿል። ዑደቱም ከ2004 ጀምሮ ከአሜሪካ ዳርቻ እስከ አፍሪካ ዳርቻ በተተከሉ መሣሪያዎች ሳያቋርጥ እየተለካ ነው።

ስለዚህ ከኋላ ወንበር ለተነሣው ተማሪ መልሱ ይህ ነው፦ ጣና አንድ ጊዜ ደርቆ ያውቃል፤ የደረቀውም የሰሜኑ ባሕር በታወከበት ዘመን ነው። የዋልታውን ባሕር ሌሎች እየለኩት ነው። የጋይንትን ዝናም ግን ከጋይንት ሰው በቀር የሚለካው የለም። በትምህርት ቤቱ ጓሮ አንድ ቀጥ ያለ ጣሳ አቁሞ በየማለዳው በማስመሪያ የሚለካ ተማሪ፣ በወረዳውም መሥሪያ ቤት የዕለቱን ዝናም ሳያጎድል የሚመዘግብ ጸሐፊ፣ ከፖላርሽተርን ተመራማሪዎች ጋር አንድ ሥራ ይሠራሉ። ሥራውም ሰኔ 26 ቀን ይጀመር፤ የቤተ ልሔም ተማሪም በዚያው ቀን የክረምቱን ዜማ ያነሣል።