ከጉዳት በኋላ የሚጠየቅ ብድር

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በወሎ ቆላማ ወረዳዎች ሲያርፍ፣ የማሽላውና የጤፉ አዝመራ ለአጨዳ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቀርቶት ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን ለ35,000 ሰው የሚበቃ እህል ይበላል። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ገበሬ ቀለቡን፣ ዘሩንና የዕዳ መክፈያውን በአንድ ጊዜ ያጣል። ማኅበሩም ፊቱን ወደ መንግሥት ብድር ያዞራል። ብድሩ ያለ ጥናት ከተጠየቀ ግን ሁለተኛ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ዕርዳታና ብድር ይለዩ

ቀለብ የሌለው ቤተሰብ የዘር ብድር ቢወስድ ዘሩን ይበላዋል፤ ዕዳው ግን ይቀራል። ስለዚህ ማኅበሩ ሁለት መዝገብ እንዲያዘጋጅ እንመክራለን፤ አንዱ ቀለብ የሚያስፈልጋቸው፣ ሁለተኛው ዘር ወይም በሬ የሚያስፈልጋቸው አባላት የሚመዘገቡበት ነው። በሁለቱም የሚገባ ቤተሰብ አስቀድሞ ቀለቡን ሊያገኝ ይገባል።

ጉዳቱ በወቅቱ ይመዝገብ

ማሳው ከብት ከገባበት ወይም ከታረሰ በኋላ የጉዳቱን መጠን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። የልማት ሠራተኛው ከቀበሌው ተወካይና ከአዋሳኝ ገበሬዎች ጋር በየማሳው ተዘዋውሮ የባለማሳውን ስም፣ የመሬቱን ስፋት፣ የሰብሉን ዓይነትና የተረፈውን ምርት ይመዝግብ። መዝገቡ በሁሉም ይፈረም፤ አንዱ ቅጂ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

መጠኑ በስሌት ይቅረብ

ለምሳሌ 120 አባላት እያንዳንዳቸው ግማሽ ሄክታር ጤፍ ቢያጡ፣ የሚዘራው መሬት 60 ሄክታር ይሆናል። በብተና ለሚዘራ ጤፍ በሄክታር 25 ኪሎ ቢታሰብ 15 ኩንታል ዘር ያስፈልጋል። ማኅበሩ በዚህ ላይ የማጓጓዣውን ወጪ ጨምሮ ይጠይቅ፤ ከዚያ በላይ አይጠይቅ። ዘሩም ከመገዛቱ በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ተደርጎ ብቅለቱ ይፈተሽ። ጤፍ በሐምሌ ስለሚዘራ ዘሩ በሰኔ መጋዘን መግባት አለበት፤ ማመልከቻውም ከወራት በፊት ይቅረብ።

የመክፈያው ጊዜ

የክልል መንግሥታት ለማዳበሪያ ብድር ዋስ በሚሆኑበት ጊዜ ዕዳው የሚሰበሰበው አዝመራው እንደገባ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በብዛት ተመርቶ ዋጋው እጅግ ወደቀ፤ ብዙ ገበሬዎችም ምርታቸውን በወረደ ዋጋ ሸጠው ዕዳ ለመክፈል ተገደዱ። በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ በብዙ አካባቢ ስላነሰ ድርቅ ተከተለ። ከዚህ የምንማረው፣ የመክፈያው ቀን እንደ ብድሩ መጠን ሁሉ የሚያሳስብ መሆኑን ነው። ማኅበሩ ግማሹን በጥር፣ ቀሪውን ዋጋ ሲሻሻል በግንቦት ለመክፈል ይደራደር። እህሉን እስከዚያ በማኅበሩ መጋዘን ማቆየት ይቻላል።

ዋስትና

በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ከብትና ሰብልም ለብድር መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ጠቃሚ በር ነው፤ ሆኖም ገበሬው የሚያርስበትን ጥማድ በሬ ማስያዝ አይገባውም። በሬው ከተወሰደ የሚቀጥለው ዓመት እርሻም አብሮ ይሄዳልና።

የልማት ሠራተኞች ማመልከቻው ከመፈረሙ በፊት ወለዱንና የመክፈያውን ቀን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ጮክ ብለው ያንብቡ። አባላቱ ተረድተው የተስማሙበት ዕዳ ለመክፈልም የቀለለ ነው።