በሩቅ ሆኖ በቤት ፕሪንተር ስለ ማተም

ሐሳቡን በጽሕፈት ገልጦ ወደ ሩቅ መስደድ ለሰው ልጅ ከታላላቆቹ ጥበቦች አንዱ ነው። ቀድሞ ጽሑፍ ከአገር ወደ አገር የሚደርሰው በመልእክተኛ እግር ነበረ፤ ኋላም ፖስታና ቴሌግራም ተተኩ። ዛሬ ደግሞ ሰው በባሕር ማዶ ተቀምጦ በእጁ ከያዘው ስልክ ትእዛዝ ቢሰጥ፥ በቤቱ ያለው ፕሪንተር ጽሑፉን በወረቀት አትሞ ያወጣለታል። ለመንግሥት ሥራ ወደ ውጭ የሄደ ሹም፥ ወይም ከደብሩ ርቆ የሚገኝ አለቃ፥ ይህን መሣሪያ ቢያውቅበት ብዙ ድካም ይቀልለታል። ነገር ግን ጥቅሙ ከጥንቃቄ ጋር ካልተያያዘ ጉዳቱ ቀላል ስላልሆነ፥ ስለ አሠራሩና ስለ አጠባበቁ ጥቂት ልናመለክት ወደድን። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «ክላውድ» የተባለው ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። ስሙ ደመና ማለት ስለ ሆነ ጽሑፉ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ክላውድ ማለት በምድር ላይ በታላላቅ አዳራሾች ተደርድሮ የሚሠራ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ነው። እንግዲህ በክላውድ አሳተምሁ የሚል ሰው፥ ጽሑፉን አስቀድሞ ለሌላ ሰው ቤት አደራ ሰጥቶ ከዚያ ወደ ገዛ ቤቱ እንዲመለስለት ማድረጉ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የአሜሪካው ጉግል ኩባንያ በ2010 ያስታወቀው ክላውድ ፕሪንት የሚባለው አገልግሎት ነው። የቤቱ ባለቤት በኮምፒዩተሩ ላይ ክሮም የተባለውን ማሰሻ ከፍቶ፥ በጉግል አካውንቱ ገብቶ፥ ፕሪንተሩን ያስመዘግብ ነበር። ከዚያ በኋላ ከየትም ስፍራ በዚያው አካውንት ሆኖ «አትም» ቢል፥ ጽሑፉ አስቀድሞ ወደ ጉግል ሰርቨር ይሄድና የቤቱ ኮምፒዩተር ከዚያ ተቀብሎ ለፕሪንተሩ ያስረክባል። ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ወይም ኢንተርኔቱ ተቋርጦ እንደ ሆነም ጽሑፉ በሰርቨሩ ላይ ተራውን ይጠብቃል። የአሠራሩ ብልሃት፥ የቤቱ ኮምፒዩተር ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ «ለእኔ የመጣ ጽሑፍ አለን?» ብሎ ስለሚጠይቅ፥ ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ የቤቱን በር መክፈት አለማስፈለጉ ነው።

ይሁን እንጂ ኩባንያው በኅዳር 2019 አገልግሎቱን እንደሚያቆም አስታውቆ፥ በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ዘጋው። ፕሪንተሩ ሳይሰበር፥ ኮምፒዩተሩም ሳይበላሽ፥ አሠራራቸውን ሁሉ በዚያ አገልግሎት ላይ የመሠረቱ ሰዎች በአንድ ቀን ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለታቸው ለዚህም ይሠራል።

ታዲያ ዛሬ በሩቅ ሆኖ ለማተም የሚሻ ሰው ምን ያድርግ? ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ዳግመኛ ወደ ሌላ ኩባንያ ቤት መግባት ነው። ማይክሮሶፍት በ2021 ለመሥሪያ ቤቶች የከፈተው ዩኒቨርሳል ፕሪንት የሚባለው አገልግሎት ከዚህ ወገን ነው። ይህ መንገድ ለመጀመር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውሉን አንብቦ፥ ጽሑፉ በማን እጅ እንደሚያልፍ አውቆ፥ አገልግሎቱ የቆመ ዕለት የሚተካውንም አስቦ መግባት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ለሁሉ በተገለጠ ሕግ ላይ መሠረቱን መጣል ነው። አይፒፒ የሚባለው በኢንተርኔት የማተም ሥርዐት ከ1999 ጀምሮ ማንም አንብቦ እንዲሠራበት ተጽፎ የወጣ በመሆኑ፥ አንድ ኩባንያ ቢዘጋ አብሮ አይዘጋም። አደራረጉም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፕሪንተሩ በቤቱ ራውተር ላይ የማይለወጥ አድራሻ ይሰጠዋል። ቀጥሎም ቪፒኤን የሚባለው የተሸፈነ መንገድ በራውተሩ ወይም በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ይዘጋጃል፤ ለዚህም ዋየርጋርድ የተባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ መሣሪያ አለ። የሩቁ ሰው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ አስቀድሞ በዚያ መንገድ ሲገባ በቤቱ እንደ ተቀመጠ ያህል ይሆናል። ፕሪንተሩን በስሙ ፈልጎ ቢያጣው በአድራሻው ቁጥር መጥራት ነው። መንገዱ በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የተዘጋጀ እንደ ሆነ፥ ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲፈታ እንዳያንቀላፋ አስቀድሞ ማስተካከል ያሻል፤ አለዚያ ባለቤቱ በሩቅ አገር ሆኖ ቢጠራው የሚመልስለት የለም።

አንዳንድ ሰው ግን ይህን ድካም ሸሽቶ፥ በራውተሩ ላይ የፕሪንተሩን በር ለዓለም ሁሉ ከፍቶ ይተወዋል። ይህ ፈጽሞ የማይገባ ነው። በኅዳር 2018 አንድ የማይታወቅ ሰው፥ 9100 በሚባለው ፖርት በኩል ክፍት ሆነው ወዳገኛቸው ወደ 50,000 ያህል ፕሪንተሮች መልእክት ልኮ እንዳሳተመ ተናገረ። ባለቤቶቹ ያላዘዙት ወረቀት ከገዛ መሣሪያቸው ሲወጣ አዩ። ያ ሰው የላከው አንድን የዩቲዩብ ተናጋሪ የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ነበረ፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን በዚያው በር የከፋ ነገር ሊያደርግ ይችል ነበር።

በእኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ሌላ የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። የግእዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ገብቷል። ቢሆንም ጽሑፉን የሚያትመው ኮምፒዩተር የፊደሉ ቅርጽ ከሌለው፥ በፊደላችን ፈንታ ባዶ ሣጥን ደርድሮ ያወጣል። በአጠገቡ የቆመ ሰው ስሕተቱን አይቶ ያርማል፤ በሩቅ ያለው ግን አያየውም። ስለዚህ ጽሑፉን ከመስደድ በፊት የፊደሉን ቅርጽ በውስጡ ይዞ ወደሚሄደው ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ያለው ነገር ነው። መንገዱ የቱን ያህል ቢሸፈን፥ የታተመው ወረቀት በፕሪንተሩ ላይ ተጥሎ ከዋለ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያነበዋል። የሹመት ጉዳይ፥ የፍርድ ነገር፥ ወይም በምስጢር የተነገረ የሰው ችግር በዚህ መንገድ ቢገለጥ፥ ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የአሳታሚው ነው። ስለዚህ ተቀባዩ በቦታው ቆሞ የምስጢር ቁጥር እስኪያስገባ ድረስ ጽሑፉን ይዞ የሚያቆይ ፕሪንተር መምረጥ፥ ይህም ካልተገኘ አስቀድሞ ለታመነ ሰው ደውሎ በአጠገቡ ማቆም ያስፈልጋል።

ማተም የሚለው ቃላችን «ኀተመ» ከሚለው የግእዝ ቃል የወጣ በመሆኑ፥ ጽሕፈትን በወረቀት ማውጣትንም፥ ደብዳቤን በማኅተም ማሸግንም ያመለክታል። እንግዲህ የሕዝብ ጉዳይና የምእመናን ምስጢር በአደራ የተሰጣችሁ ሁሉ፥ አዲሱን ጥበብ ሳትፈሩ ተቀበሉት፤ በምትቀበሉበትም ጊዜ ቃሉን በሁለቱም ፍቺው ፈጽሙት። የሚያሳትም እጅ የሚያሽግም እጅ ሊሆን ይገባዋልና።