የቀዶ ሕክምና ብዛትና የካንሰር ሕሙማን ውጤት

የካንሰር ቀዶ ሕክምና ውጤት በዕጢው ደረጃ፣ በሕመምተኛው ዕድሜና በተጓዳኝ በሽታዎች እንደሚወሰን የታወቀ ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ ሆስፒታሉ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያከናውን በውጤቱ ላይ ተጽዕኖ አለው።

ሉፍትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ያወጡት ጥናት ይህን ግንኙነት ለውይይት አበቃው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በርክማየርና ባልደረቦቹ በሜዲኬር መድን የታቀፉ ሕሙማንን መረጃ በመመርመር 14 ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎችን አነጻጸሩ። ከቆሽት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሞት መጠኑ እጅግ ጥቂት በሚሠሩ ሆስፒታሎች 16.3 በመቶ፣ እጅግ ብዙ በሚሠሩት 3.8 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ የምግብ ቧንቧንና አንድን ሳንባ ሙሉ በሙሉ ለማውጣት በሚደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች ከ5 በመቶ በላይ፣ በጨጓራና በሽንት ፊኛ ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ በትልቁ አንጀትና በኩላሊት ግን ከ2 በመቶ በታች ነበር። ስለዚህ ብዛት የሚያመጣው ልዩነት ለሁሉም ቀዶ ሕክምና እኩል አይደለም።

ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት የቀዶ ሐኪሙ ልምድ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። ጋፌሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከፍተኛና ዝቅተኛ የሞት መጠን ያላቸው ሆስፒታሎች በድኅረ ቀዶ ሕክምና ችግሮች ብዛት ተቀራራቢ ሆነው ተገኝተዋል። ከባድ ችግር ከገጠማቸው ሕሙማን መካከል የሞቱት ግን በመጀመሪያዎቹ 21.4 በመቶ፣ በሁለተኞቹ 12.5 በመቶ ነበሩ። ይህም ችግሩን ቀድሞ የማወቅና ሕመምተኛውን የማትረፍ ብቃት ወሳኝ መሆኑን ያመለክታል። የአንጀት ስፌት ማፍሰስ በሚጀምርበት ሰዓት የልብ ምት መፍጠኑን የምታስተውል ነርስ፣ ሌሊት የሚደርስ ሐኪም፣ ዝግጁ የሆነ ደምና የጽኑ ሕሙማን ክፍል የውጤቱ አካል ናቸው።

ብዛት ግን የጥራት ምልክት እንጂ ራሱ ጥራት አይደለም። ጥቂት ሕሙማን ባሉበት ሆስፒታል የአንድ ዓመት የሞት ቁጥር በአጋጣሚ ሊዋዥቅ ስለሚችል በዚያ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ኔዘርላንድ የምግብ ቧንቧ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሆስፒታሎች በዓመት ቢያንስ 10 እንዲያከናውኑ እ.ኤ.አ. በ2006 ደንግጋ፣ በ2011 ቁጥሩን ወደ 20 ከፍ አድርጋለች። ሆኖም ሥራውን በጥቂት ማዕከላት ማሰባሰብ ሕመምተኛውን ከቤተሰቡ ያርቃል፤ ወጪና ወረፋም ያስከትላል።

የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ከሚታይባቸው ከአርሲና ከባሌ ለሚመጣ ሕመምተኛ ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። ዘግይቶ የደረሰ ሕመምተኛ ልምድ ባለው ማዕከል የሚያገኘው ጥቅም በመንገድና በወረፋ ሊባክን ይችላል። ስለሆነም ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውን ሕመምተኛ የሚልክ ባለሙያ፣ ተቀባዩ ቡድን ያንን ሥራ አዘውትሮ መሥራቱንና ቀጠሮው መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ ሊጠይቅ፣ የምርመራ ውጤቶችንም አሟልቶ ሊልክ ይገባዋል። ልዩነቱ አነስተኛ ለሆነባቸው ቀዶ ሕክምናዎች ደግሞ በቅርቡ ያለውን ሆስፒታል ማጠናከርና የድኅረ ቀዶ ሕክምና ክትትሉን ማሻሻል የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል።