ከርዳዳ ፀጉር፦ ተረቱና እውነታው

«ምነው፣ ፀጉሯን ሳትሠራ ወጣች?» የሚለው ጥያቄ ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ ባሉ ፀጉር ቤቶች፣ በቢሮም፣ በለቅሶ ቤትም ይሰማል። የተባለላት ሴት ግን ፀጉሯን ታጥባ፣ ቀብታ፣ አበጥራ ነው የወጣችው። ያላደረገችው ነገር ቢኖር መተኮስ ብቻ ነው። ፀጉር ካልተኮሱት አልተሠራም የሚለውን ሐሳብ የወለዱት እምነቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ደግሞ እውነት አይደሉም።

ጎፈሬ የውጭ ፋሽን ነው ይባላል። ፀጉሩን ያሳደገ የአራዳ ልጅ «ከፊልም የቀዳ» ተብሎ ይታማል፤ ሹሩባ የተሠራ ወንድ ደግሞ ከዚህም የባሰ ይሰማል። አፄ ቴዎድሮስን ግን የምናውቃቸው በሹሩባቸው ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። ያ ፀጉር ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ከቆየ በኋላ መጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ አገርም በክብር ተቀበለችው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጫካ የገቡት አርበኞችም በፎቶግራፎቻቸው ላይ የሚታዩት በትልልቅ ጎፈሬ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን አራት ኪሎ በድል ሐውልቱ ዙሪያ የአርበኞች መታሰቢያ ሲከበር ጎፈሬ የደፉ ሰዎች በኩራት ይሰለፋሉ፣ እኛም እናጨበጭባለን። ያው ጎፈሬ በማግስቱ ለሥራ ቅጥር ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ «ይህን ፀጉር አስተካክለህ ና» መባሉ ያሳዝነኛል። በ1960ዎቹ አፍሮ ያሳደጉ ተማሪዎች ከጥቁር አሜሪካውያን ንቅናቄ ብዙ እንደወሰዱ እውነት ነው፤ ለዚህ አገር ዓይን ግን ቅርጹ እንግዳ አልነበረም። ቁንጮ፣ ጋሜ፣ ሳዱላ፣ ሹሩባ ሁሉ የዕድሜና የማዕረግ ምልክት ነበሩ፤ አንዱም በተኩስ አልተሠራም።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚያቆስለው «የአበሻ ፀጉር ዞማ ነው» የሚለው ነው። ከአንድ ማኅፀን ከወጡ ሁለት እህትማማቾች አንዷ «የኔ ዞማ» እየተባለች ታድጋለች። ሌላዋ ማበጠሪያ ባየች ቁጥር ታለቅሳለች፤ በላዩ ላይ «ይሄ ከርዳዳ ደግሞ ከማን መጣ?» ትባላለች። ከእነርሱ ነው የመጣው፣ ከአባትና ከእናቷ። የፀጉርን ጥቅልል የሚወስኑት ብዙ ዘረመሎች ናቸው፤ በአንድ ቤት ሉጫም፣ ዞማም፣ ከርዳዳም መወለዱ የተለመደ ነው። ሥሩ ቆዳ ውስጥ ጠመም ብሎ የተተከለና ዘንጉ ጠፍጠፍ ያለ ፀጉር ይጠቀለላል፤ ሥሩ ቀጥ ብሎ ዘንጉ ክብ የሆነ ደግሞ ይዘረጋል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ የትኛውም ቢሆን ሰውን ይበልጥ አበሻ አያደርገውም። ልጅቷ ግን ይህን የሚነግራት ሳታገኝ ስድስትና ሰባት ዓመት ይሞላታል፤ መስታወት ፊት ስትቆም የምታየው ራሷን ሳይሆን ስለ ፀጉሯ የተባለውን ይሆናል።

ከርዳዳ ፀጉር አያድግም የሚሉም አሉ። ያድጋል፤ በወር ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ። የሚያታልለን ጥቅልሉ ነው፤ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ከእውነተኛ ርዝመቱ እጅግ አጥሮ ይታያል። ሌላው ምክንያት መሰባበር ነው። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በቀጥተኛ ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በጥቅልሉ ላይ ግን መንገዱ ስለሚጠማዘዝበት ጫፉ ደርቆ ይቀራል፣ ደርቆም በማበጠሪያ ይበጠሳል። አያቶቻችን ለጋ ቅቤ ሲቀቡ ይህን ድርቀት ነበር የሚያስታግሱት። ቅቤው ሥሩን አይመግብም፣ ፀጉርንም አያበቅልም፤ እርጥበቱ እንዳይተን ይሸፍናል፣ ፍትጊያን ይቀንሳል።

ስለ ሪላክሰር ብዙ አላወራም፤ አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት እንደሚለው፣ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ተጠቅመው የማያውቁ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ሲሆን፣ አዘውትረው የሚጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ ነው። ጥናቱ ግንኙነት አሳየ እንጂ ካንሰሩን ያመጣው ኬሚካሉ ነው ብሎ አልደመደመም። ቢሆንም «ምንም አያደርግሽም» ለማለት ማንም ድፍረት ሊኖረው አይገባም።

አሁን አሁን ደግሞ ከወጣቶች የምንሰማው ሌላ እምነት አለ፤ ፀጉሯን ወደ ተፈጥሮው የመለሰች ሴት ያኔውኑ በራሷ ትተማመናለች ይላሉ። መልካም ምኞት ነው፣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ናቸው፤ ሥሩ ከርዳዳ፣ ጫፉ የተለሰለሰ ይሆናል፤ ቤተሰብም «አሞሻል እንዴ?» ይላል። «ፐርሴፕሽን ኢንስቲትዩት» የተባለ የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት ጥቁር ሴቶች ስለ ፀጉራቸው ከነጮቹ ይበልጥ እንደሚጨነቁ ታይቷል። ለጥቅልል ፀጉር ከሁሉ የተሻለ አመለካከት የነበራቸው ደግሞ ተፈጥሯዊ ፀጉር ከሚወዱ ሴቶች ጋር ኅብረት ያላቸው ወጣቶች ናቸው። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው፤ መተማመንን የሚያመጣው ፀጉሩ ብቻውን ሳይሆን በዙሪያ ያሉት ዓይኖች ናቸው። በአንድ ቢሮ አንዲት ሴት ፍሪዟን ይዛ ስትገባ፣ የሁለተኛዋ ሸክም ይቀላል።

የተተኮሰ ፀጉር የሚነሳውንም ነፃነት መርሳት የለብንም። በሐምሌ ፒያሳ ላይ ድንገት ሲዘንብ ፌስታል ራሳቸው ላይ አጥልቀው ወደ ታክሲ የሚሮጡትን ሴቶች ሁላችንም እናውቃለን። በሙቀት የተዘረጋ ፀጉር ውኃ ሲነካው ወደ ጥቅልሉ ይመለሳልና የስንት ሰዓት ድካም በአንድ ካፊያ ይጠፋል። ዋናን፣ ስፖርትን፣ ገላ መታጠብን ጭምር በፀጉር ምክንያት ማስቀረት ትንሽ ነገር አይደለም። መተኮስ የምትወድ ትተኮስ፤ የምቃወመው ሳትተኮስ መውጣት የሚያሳፍራት መሆኑን ነው።

ሹሩባ የተፈጥሮ ነውና አይጎዳም የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ፣ በላዩም ሰው ሠራሽ ፀጉር ከተጨመረበት፣ የግንባርን ፀጉር ከሥሩ ይስባል። በጊዜ ከተተወ መልሶ ይበቅላል፤ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። አንዲት ልጅ ሹሩባ ስትሠራ ካመማት ወይም ግንባሯ ላይ ጥቃቅን ቡግርታ ከወጣ ለሠርግም ቢሆን ሊፈታላት ይገባል። ፀጉሯ ሲበጠርም ረጠብ ብሎ፣ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ፣ ከጫፉ ተጀምሮ ወደ ሥሩ ቢሆን ያን ያህል አያስለቅሳትም።