ስለ ቲሹት ፈተና

የሲስኮ ኩባንያ ሲሲኤንፒ ለተባለው የኔትዎርክ መሐንዲሶች የምስክር ወረቀት ካሰናዳቸው ሦስት ፈተናዎች መካከል «ቲሹት» የሚባለው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣበት አንሥቶ በ2020 መጀመሪያ እስከ ተሻረበት ጊዜ ድረስ፣ ከሁለቱ እኅቶቹ በጠባዩ የተለየ ሆኖ ኖረ፤ ራውትና ስዊች የተባሉት ተፈታኙን ኔትዎርክ እንዴት እንደሚገነባ ሲጠይቁት፣ ይህ ግን ሌላ ሰው የገነባውንና የታመመውን አቅርቦ ደዌው ወዴት እንዳለ ይጠይቀው ነበርና።

የሚያስደንቀው ኩባንያው የፈተናውን ኔትዎርክ ሥዕል፣ አራት ራውተሮቹንና አራት ስዊቾቹን ከነስማቸውና ከነአድራሻቸው፣ አስቀድሞ ለማንም በግልጽ ማውጣቱ ነው። ይህን ያየ ሰው መልሱ ተሰጠ ይል ይሆናል፤ እኔ ግን የፈተናው ጥበብ ሁሉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ የጤነኛን ልብ ምት አዘውትሮ ያልሰማ ሐኪም የሕመምተኛውን ቢሰማ ምኑን ከምኑ ይለያል? ስለዚህ ብልኅ ተፈታኝ ጂኤንኤስ 3 በተባለው ፕሮግራም ያንኑ ኔትዎርክ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራና፣ ሁሉ ደኅና ሳለ እያንዳንዱ ራውተር ሲጠየቅ የሚመልሰውን ቃል ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ ይመላለስበት ነበር።

በፈተናው ቀን ይቀርብ የነበረው አቤቱታ አጭር ነበር፤ አንድ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ማዶ ያለውን ሰርቨር ፒንግ ቢያደርግ መልስ አጣ። (ፒንግን በ1983 የጻፈው አሜሪካዊው ማይክ ሙስ ስሙን የወሰደው ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሶናር ድምፅ ነው፤ ጥሪውን ልኮ ማሚቶውን ይጠብቃልና።) ተፈታኙ በመጀመሪያ የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ ይመለከት ነበር። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፣ አድራሻ አዳዩ ዲኤችሲፒ ዝም ስላለው ኮምፒውተሩ ለራሱ ያወጣው ነውና፣ ብልሽቱ በቅርብ፣ ከስዊቾቹ ወይም አድራሻ ከሚያድለው ራውተር ዘንድ ይፈለግ ነበር። በ10 የሚጀምረውን ተገቢ አድራሻ ይዞ ከተገኘ ግን፣ ድምፁ የጠፋበት ስፍራ እስኪደርስ ራውተር በራውተር እየጠራ ወደ ፊት ይራመድ ነበር። የጠረፉ ራውተር ራሱ ሰርቨሩን ካጣው፣ ኔትዎርኮች መንገድ በሚለዋወጡበት በቢጂፒ የጎረቤቱ አድራሻ አኃዝ በአኃዝ መነበብ ነበረበት፤ 65 ሊባል የሚገባው 56 ተብሎ ቢጻፍ የቸኮለ ዓይን አሥር ጊዜ ያልፈዋልና።

ከዚያ በኋላ ይጠየቅ የነበረው ብልሽቱ በየትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ቴክኖሎጂ ነው፣ በምንስ ይታረማል የሚል ነበር። ተፈታኙ ማየት እንጂ መጠገን አልተፈቀደለትም ነበር፤ ይህም ደግ ሥርዓት ነበር፤ እየነካኩ መሞከርን ልማድ ያደረግን ሰዎች፣ እጃችን ሲታሰር ያን ጊዜ ማሰብ እንጀምራለንና።

ለፈተናው ከሚደረገው ልምምድ ሁሉ የሚበልጠው ከባልንጀራ ጋር የሚደረገው ነበር። ተማሪው ከክፍሉ ይወጣል፣ ባልንጀራው በኮምፒውተሩ ላይ ከተሠራው ኔትዎርክ ትእዛዞች አንዲት መስመር ያበላሻል፣ ተማሪውም ተመልሶ ይፈልግ ነበር። ባልንጀራው ተንኰለኛ የሆነ እንደ ሆነ አንዳች ሳይነካ «ግባ» ይለው ነበር፤ ተማሪውም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ «ምንም የለበትም» ያለ ቀን፣ ለፈተናው ይመዘገብ ነበር።