ብቻውን አገር የሚያይ ተማሪ

ሰው ወደማያውቀው ገበያ ሲሄድ መንገድ ቢጠፋው እረኛ ይጠይቃል። ቋንቋው በማይታወቅ አገርስ ማንን ይጠይቃል?

አውሮፓ ለትምህርት የሄዱ ብዙ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ብቻቸውን ከአገር አገር ይዞራሉ። ብዙዎቹ በባቡር ነው የሚሄዱት። እ.ኤ.አ. በ1972 ኢንተርሬይል የሚባል ቲኬት ወጣ። ያን ጊዜ ዕድሜው እስከ 21 ዓመት የሆነ ወጣት በዚህ አንድ ቲኬት 21 አገሮችን ለአንድ ወር መዞር ይችል ነበር። ዛሬ ለሽማግሌም ይሸጣል።

ተማሪው ባቡር ጣቢያ ሲደርስ ምን ያደርጋል? የተሰቀለውን ሰሌዳ ያነባል። ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የከተማውን ስም፣ ሰዓቱንና የሐዲዱን ቁጥር። ሰዓቱ እንደኛ አይደለም። እኛ ከቀኑ 9 ሰዓት የምንለውን እነሱ 15 ብለው ይጽፋሉ።

ስምም ያሳስታል። ጀርመን አገር ሙኒክ የሚባል ከተማ አለ። ጣሊያኖች ይህን ከተማ ሞናኮ ይሉታል። ከፈረንሳይ አጠገብ ደግሞ ሞናኮ የሚባል ሌላ ትንሽ አገር አለ። ጣሊያን ያለ ተማሪ ይህን ካላወቀ፣ ወደ ሰሜን እሄዳለሁ ብሎ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።

አንዳንድ ባቡርም መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የፊቱ ፉርጎ ወደ አንዱ ከተማ፣ የኋላው ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ተማሪው ሳይሳፈር በፊት ፉርጎው ላይ የተጻፈውን ያነባል።

ብቻውን ነውና ቢሳሳት የሚመልሰው ጓደኛ የለም። መሪው ፊደል ነው።

እርስዎም ከተማ ሲወርዱ አውቶቡሱ ላይ የተጻፈውን መጀመሪያ ራስዎ ያንብቡ። ከዚያ ለማረጋገጥ ይጠይቁ። አንብቦ የሚጠይቅን ሰው ማንም አያታልለውም።